ከግርጌው ያለው ቃል

ካትሪን ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ጁን 9 ቀን 1993

ግሌኒስ ልጄ፣

ይህን ብዕር የያዘው ክላይቭ ናንከርቪስ የሚባል ሰው ነው። አርባ ዓመት ፖስታ ሲያድል ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ አሁን እንደኛው ሚስቱንና ቤቱን መኪና ላይ ጭኖ ይዞራል። ከእኛ አውቶቡስ ጎን ነው ያቆመው። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ ያስጻፍኩት የእናትሽ እጅ ጽሑፍ አለመሆኑን አይተሽ እንዳትደነግጪ ነው። እናትሽ አለች። ከአውቶቡሷ ደረጃ ስትወርድ ወድቃ የቀኝ እጇ አንጓ ዞሮባት ታስሯል፤ ብዕር መያዝ አትችልም። አሁን ዛፍ ሥር ጋደም ብላለች፤ የምናወራው አይሰማትም።

እንደምን ከርመሻል? ባልሽ ሮስስ? እኔ ደህና ነኝ። ሰላምታው አለቀ።

ደብዳቤሽን ትናንት ከፖስታ ቤት አመጣሁት። እናትሽ ተኝታ ስለነበር ለክላይቭ ሰጠሁትና አነበበልኝ። ድገመው አልኩት። ደገመው። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ፣ "ሽማግሌ፣ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ደብዳቤ ተሸክሜ አንድም ከፍቼ አላውቅም። የመጀመሪያዬ ይኸ ይሁን?" አለኝ።

"ለአራተኛ ጊዜ እለምንሃለሁ" ትያለሽ። የቀሩት ሦስቱ የታሉ? "ሐኪሞቹ በማርች ይጀመር ያሉትን ሕክምና የከለከልካት አንተ ነህ" ትያለሽ። "ለመንገድህ ስትል እናቴን ገደልካት" ትያለሽ። እኔ የከለከልኩት ነገር የለም ግሌኒስ። እናትሽ መታመሟን የሰማሁት ትናንት ነው፤ የሰማሁትም ከፖስተኛ አፍ ነው።

እንዴት ሊሆን ይችላል ትያለሽ። እንግዲያው ስሚ። ማንበብ አልችልም። መጻፍም አልችልም። አባትሽ እጁ በበግ መሸለቻ ስለተጎዳ ነው እናትሽ የምትጽፍለት ሲባል ሰምተሽ ነው ያደግሽው። እጄ ምንም አልሆነም። ዛሬም በግ ስጡኝና እዩ። ድርቁ በገባ ዓመት አባቴ ከትምህርት ቤት አውጥቶ በግ መሸለቻ ቤት አስገባኝ፤ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ፊደል አላሳየኝም፤ እኔም ማንንም አልለመንኩም። እናትሽ ሳንጋባ በፊት ነው ያወቀችው። ሌላ ሰው እንዳያውቅ ያደረገችውም እሷው ነች፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ። አሁን አንቺና ክላይቭ አወቃችሁ። ክላይቭ ይህን ስነግረው ቀና ብሎ አላየኝም፤ መጻፉን ቀጠለ። ለዚህ ወድጄዋለሁ።

ደብዳቤ ሲደርሰን እንዲህ ነበር የምናደርገው። ሻይ አፈላለሁ። እናትሽ መነጽሯን ትጠርጋለች። ከዚያ ከአንቺ የመጣውን ታነብልኛለች። ፖርት ኦገስታ ላይ አነበበችልኝ፣ አሊስ ስፕሪንግስ ላይ አነበበችልኝ፣ ቴናንት ክሪክ ላይ አነበበችልኝ። ሮስ ጣራውን አደሰ። ዝናቡ ዘንድሮ መልካም ነው። ውሻችሁ ዲገር የጎረቤት ዶሮ አባሮ ራሱ ጉድጓድ ገባ። በዚያ በጣም ስቄአለሁ። "መንገዳችሁን ቀጥሉ፣ ለእኛ አታስቡ" ትያለሽ።

ትናንት እናትሽ ደብዳቤ የምታኖርበትን የብስኩት ቆርቆሮ አውጥቼ ለክላይቭ ሰጠሁት። ሦስቱንም አነበበልኝ። በአንዱም ውስጥ ዝናብ የለም። ጣራም የለም። የሐኪም ወረቀት ነው ያለው፤ የአንቺም ለቅሶ። ዲገርም በማርች ሞቶ የሎሚው ዛፍ ሥር ቀብረሽዋል። እኔ ደግሞ በየደብዳቤዬ "ዲገርን ጆሮውን እከኪልኝ" እያልኩ አስጽፍ ነበር። ሰውዬው አብዷል ሳትይ አልቀረሽም።

የእኔ መልስ ተብሎ የደረሰሽንም እኔ አላልኩትም። "እናትሽን አልመልስም፣ ዳግመኛ እንዳትጠይቂኝ" የሚል ደብዳቤ ደርሶኛል ብለሻል። እኔ ያስጻፍኩት ስለ አውቶቡሷ ጎማና አሊስ ስፕሪንግስ ስለበላነው መጥፎ ሥጋ ነበር።

ማወቄን ገና አልነገርኳትም። እንዴት ብዬ እንደምነግራት አላውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሷ የደበቅሁት ነገር አለኝ፤ አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላው ከብዶኛል።

ክላይቭ ከግርጌ ምን እንደሚጽፍ ጠየቀኝ። "ሰው 'የምወድሽ' ምናምን ይላል" አለኝ። 'አባትሽ' በልና ስሜን ጻፍ አልኩት። "ስምህን ብቻ?" አለ። ስሜን ብቻ።

በል አሁን አንብብልኝ፤ የጎደለ እንዳይኖር።

አባትሽ መርቪን


ኩኑናራ፣ ጁን 27

ግሌኒስ፣

ይህን ብዕር የያዘችው እናትሽ ናት። ፋሻው ተፈቷል። የምለውን ብቻ እንድትጽፍ አስምያታለሁ፤ ስትጨርስም ወስጄ ለነዳጅ ማደያዋ ሴትዮ አስነብበዋለሁ ብያታለሁ። "መርቭ፣ በሃምሳ ዓመት እንዲህ ተጠርጥሬ አላውቅም" አለችኝ። "በሃምሳ ዓመት እንዲህ ተታልዬ አላውቅም" አልኳት። ይህንንም ጻፊው አልኳት። እየሳቀች ጻፈችው። ስትስቅ ጎኗን እንደምትይዝ ከካትሪን ወዲህ አይቻለሁ፤ ይህንንም ጻፊ።

ስነግራት ምን እንዳለች ጠይቀሻል። ሻይ አፍልቼ የብስኩቱን ቆርቆሮ ከሲኒዋ አጠገብ አስቀመጥኩት። አየችው። "ማን አነበበልህ?" አለች። "ፖስተኛው።" "ድምፁ ጥሩ ነው?" "ያንቺን አያህልም" አልኳት። ከዚያ ሻይዋን ጠጣች። በኋላ ጮህኩባት፤ አልዋሽሽም፤ የክላይቭ ሚስት ወጥታ እስክታየን ድረስ ጮህኩ። እናትሽ እስክጨርስ ጠብቃ "ሻይህ ቀዘቀዘ" አለችኝ።

በማግስቱ እጇን ይዤ እዚያው ካትሪን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ፊት ለፊት የሚናገር፤ ወደድኩት። ካንሰሩ ጉበቷ ላይ ደርሷል አለ። "በማርች ቢጀመር ኖሮስ?" አልኩት። "ምናልባት አንድ በጋ ይጨምር ነበር" አለ። "ምናልባት ነው?" አልኩት። "ምናልባት ነው።" አሁንስ አልኩት። አሁን ሕመሙን የሚያስታግስ እንጂ ሌላ የምሰጠው የለኝም አለ፤ የሚዋጥ መድኃኒት በከረጢት ሰጠኝ።

ለምን አልመለስክም ብለሽ ጠይቀሻል። ተመልሼ ነበር። አውቶቡሷን ወደ ደቡብ፣ ወደ አገራችን ናራንደራ አዞርኳት። አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ከሄድን በኋላ እናትሽ "ምልክቱን ማን ሊያነብልህ ነው?" አለችኝ።

"መንገዱን አውቀዋለሁ" አልኳት።

"እኔ አላውቀውም። እኔ የማውቀው የማድ ቤቱን መስኮት ነው። አንተ ከአንድ በግ መሸለቻ ወደ ሌላው ስትዞር ሃምሳ ዓመት መንገድ ያየሁት በዚያ መስኮት ነው። አሁን ደግሞ ወደ ሆስፒታል መስኮት ልትመልሰኝ ነው?"

አቆምኩ። ሞተሩን አጠፋሁት። ዝንቡ ብቻ ነበር የሚጮኸው። ግሌኒስ፣ ቤታችንን ሸጠን ይቺን አሮጌ የተማሪ አውቶቡስ ስንገዛ የእኔ እብደት መስሎሽ ነበር። የእሷ ነው። ወንበሮቹን ነቃቅዬ አልጋና ምድጃ የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ሐሳቡ ግን የእሷ ነው። የምትሄዱት እስከ የት ነው ብለሽ በጠየቅሽ ጊዜ "ፀሐይ ባሕር ውስጥ የምትገባበት ድረስ" ያለችው እሷ ናት። አይታ አታውቅማ። ከናራንደራ ሆነሽ ፀሐይ የምትገባው ከእህል መጋዘኑ ጀርባ ነው።

አውቶቡሷን ወደ ምዕራብ አዞርኳት። ይኸው ኩኑናራ ደርሰናል። ድሮ የረገምሽኝ በሐሰት ነበር፤ አሁን ከፈለግሽ በእውነት መርገም ትችያለሽ፤ ይህን የወሰንኩት እኔ ነኝና።

ስለ ደብዳቤው ግርጌ ደግሞ ጠይቀሻል። "ድሮ ሁልጊዜ 'የምወድሽ አባትሽ' ትል ነበር፤ አሁን 'አባትሽ መርቪን' ብቻ የሆነው ተቀይመኸኝ ነው?" ብለሻል። አልተቀየምኩሽም። ከዚህ በላይ አልመልስም። እናትሽ ብዕሯን አቁማ እያየችኝ ነው። ቀጥዪ አልኳት፤ አልቀጠለችም፤ አሁን ቀጠለች።

በቃ። አንብቢልኝ ኖሪን፤ ቀስ ብለሽ፤ ዝናብ እንዳታዘንቢበት።

አባትሽ መርቪን

ከዚህ በታች ያለው የእኔ የኖሪን ነው። ግሌኒስ፣ በእሱ ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ። በራሴ ስም "አልታከምም" ብልሽ ኖሮ መጥተሽ ክንዴን ይዘሽ ትወስጂኝ ነበር። እሱን መርገም ግን ከልጅነትሽ ለምደሽዋል፤ እሱም ስለማይሰማው አይጎዳም ብዬ ነው። ተሳስቻለሁ፤ ይቅር በይኝ። ስለ ዲገር ያልነገርኩት እንዳያለቅስ ነው። አባትሽ እንደሚያለቅስ አንቺ አታውቂም። ይህን መስመር የማደያዋ ሴትዮ አታነብለትም፤ ቀድሜ ሄጄ ነግሬያታለሁ።


የሰማንያ ማይል ዳርቻ፣ ጁላይ 19

ግሌኒስ፣

ይህን ብዕር የያዘችው ደልሲ ፕራውስ ናት። በበረሃ ሆስፒታሎች ሠላሳ ዓመት ነርስ የነበረች ሴት ናት፤ ባሏ ቀኑን ሙሉ ዓሣ ያጠምዳል፣ እሷ ቀኑን ሙሉ ሰው ታዛለች። እኔንም "መርቭ፣ ካልሲህን አውልቅና ልጠበው" ትለኛለች። ጻፊው ደልሲ፣ ውሸት ነው እንዴ?

እናትሽ ደህና ናት። ትንሽ ከስታለች እንጂ ደህና ናት። ዓሣ ትበላለች። አሁን የማትጽፍልኝ እጇ ስለሚደክማት ነው። ትናንት ጋዜጣ እያነበበችልኝ መሐል ላይ ዝም አለች፤ "መስመሩ ሮጠብኝ" አለች፤ ከዚያ ተኛች። ሙቀቱ ነው።

ደረስን። እኔ የምነግርሽ ይህን ነው። ከአውቶቡሷ በር እስከ ውሃው መቶ እርምጃ አይሞላም። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወንበሩን ይዞ ወደ አሸዋው ይወርዳል፤ ወንበርና መጠጥ ሁሉም የየራሱን ነው የሚያመጣው፣ ደንቡ ነው። እኔ ሁለት ወንበር እወስዳለሁ፤ ከዚያ ተመልሼ እናትሽን እወስዳለሁ። የመጀመሪያው ቀን ፀሐይዋ ገባች። እናትሽ "ይኸው ነው?" አለች። "ምን ጠብቀሽ ነበር?" አልኳት። "የጋለ ብረት ውሃ ውስጥ ሲገባ ጭሽ እንደሚለው አንድ ነገር ትላለች ብዬ ነበር" አለች። የደልሲ ባል እስኪያስለው ሳቀ። በየቀኑ "ዛሬ ጭሽ ትል ይሆናል፣ ውሰደኝ" ትለኛለች። አንድ ቀን አላስቀረችም።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። ከአውቶቡሷ ጀርባ ስማችንና የሬዲዮ ቻናላችን ተጽፏል፤ በዚህ መንገድ የሚዞር ሁሉ እንዲያ ያደርጋል፤ ከኋላ የመጣው አንብቦ በመኪና ሬዲዮው ሰላም ይልሻል። ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ፤ እናትሽ በጠመኔ የሠራችውን እየተከተልኩ። ሰው ሁሉ በሬዲዮ "ኖሪንና መርቭ፣ እንደምን ዋላችሁ" ሲል ሴት ስለሚያከብር ይመስለኝ ነበር። ደልሲ ናት አሁን የነገረችኝ። እናትሽ የራሷን ስም ነው ያስቀደመችው። አራት ወር ሙሉ ከኋላዬ ሆና እየመራችኝ አላወቅሁም። ስጠይቃት "አንተ እንደሁ አታነበው፣ ምን ቸገረህ" አለችኝ።

ልምጣ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። አትምጪ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ አንቺም ሥራ አለብሽ። እናትሽም እንድትመጪ አትፈልግም፤ ባትልም አውቃለሁ። እኔ እዚህ አለሁ። እኔ አላንስም። ሰው መጥቶ እንዲያየን አንፈልግም። ስትበረታ ራሷ ትጽፍልሻለች።

ጨርሻለሁ ደልሲ። አንብቢልኝ።

አባትሽ መርቪን

ግሌኒስ፣ ደልሲ ነኝ። አላውቅሽም፤ ይህን የምጨምረው እሱ ሳያዘኝ ነው። ይህን አላነብለትም። እናትሽ አትበረታም። ምግብ ካቆመች አራት ቀኗ ነው። እሱ በማንኪያ ሾርባ ይዞ ለሰዓታት ይቀመጣል፤ ከዚያ ራሱ ይጠጣውና "በላች" ይለኛል። ሆስፒታል እንውሰዳት ብዬ ጠይቄያታለሁ፤ እዚሁ ነው የምሆነው አለችኝ፤ ሙሉ አእምሮዋ ነው። ትናንት ልብሷን ስቀይርላት "ልጄ ጥቁር ጠጉር ነው ያላት፣ ረጅም ናት፣ ብትመጣ ታውቂያታለሽ" አለችኝ። ልጠራት ወይ ስላት ዓይኗን ጨፈነች። እስከ ብሩም በአውሮፕላን ነይ፤ ባሌ መጥቶ ይወስድሻል፤ ስልክ ቁጥሩን ከኋላ ጽፌዋለሁ። ደብዳቤው ዛሬ በሚሄድ መኪና ይወጣል። አትቆዪ።


ካርናርቨን፣ ሴፕቴምበር 14

ግሌኒስ ልጄ፣

ይህን ብዕር የያዘው ክላይቭ ነው። አዎ፣ ያው ፖስተኛ። በዚህ መንገድ ሰው ተለያይቶ አይለያይም፤ ሁሉም ያንኑ የባሕር ዳርቻ ይዞ ነው የሚወርደው። ትናንት በሬዲዮ "ኖሪንና መርቭ፣ ከኋላችሁ ነኝ" የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ድምፁን አወቅሁት። አቆምን። የእናትሽን ማረፍ አልነገርኩትም ነበር፤ ደብዳቤሽንም ያነበበልኝ የፖስታ ቤቱ ሰው ነው። አሁን እየጻፈ አውቋል። ብዕሩን አስቀምጦ ትንሽ ወጣ ብሎ ነበር፤ አሁን ተመልሷል።

በደህና ስለመግባትሽ እግዚአብሔር ይመስገን። ሮስ ስላደረገልሽ ሁሉ አመስግኚልኝ። ስድስት ቀን ነው ከእናትሽ ጋር የቆየሽው። ትንሽ ነው ብለሽ ጽፈሻል። ትንሽ ነው። በስድስቱም ቀን ግን ወደ አሸዋው ስንወርድ በአንድ በኩል አንቺ በአንድ በኩል እኔ ነበርን፤ ሦስት ወንበር ነበር የምንወስደው። በመጨረሻው ቀን "ዛሬ ሰማኋት" ያለችውን አንቺም ሰምተሻል። ፀሐይዋን ነው ወይስ ሌላ ነው ብለሽ ጠይቀሽኛል። እንጃ። እኔ ምንም አልሰማሁም። እሷ ሰማሁ ካለች ሰምታለች።

መቃብሯ ብሩም ነው፤ ከመነሳቴ በፊት ሄጄ አየሁት። ድንጋዩ ላይ የተጻፈውን በጣቴ ተከተልኩት። የመጀመሪያዋን ፊደል ከአውቶቡሷ ጀርባ አውቃታለሁ።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስ። ሦስት ነው የጠየቅሽኝ።

ቤትሽ መጥቼ ከጓሮ ባለችው ክፍል እንድቀመጥ ብለሻል። ክፍሏን አውቃታለሁ፤ ጥሩ ክፍል ናት፤ መስኮት አላት። አልመጣም። ለገና እመጣለሁ፤ ለመኖር አልመጣም። መንገዱን ሳላነብ እንዴት እሄዳለሁ ትያለሽ። ምልክቱን በቅርጹ አውቀዋለሁ፤ ያላወቅሁትን አቁሜ እጠይቃለሁ። "ማንበብ አልችልም፣ ምን ይላል?" እላለሁ። ሰው ይነግርሻል እኮ። ሃምሳ ዓመት የፈራሁት ይህ ነበር፤ ይህን ያህልም አልነበረም። ከጀርባ ስሟን አጥፋ የሚለኝ ሰው ተነስቷል፤ እዚህ ሰፈር ውስጥ ነው፤ አዝኖልኝ ነው፤ ቀለምም አምጥቶ ነበር። ቀለሙን ለአጥርህ አድርገው አልኩት። ሰው በሬዲዮ "ኖሪንና መርቭ፣ እንደምን አደራችሁ" ሲል "ደህና አድረናል" እላለሁ።

ሁለተኛው ስለ ደልሲ ነው። ከታች የጨመረችውን ታውቅ ነበር ወይ ብለሻል። ግሌኒስ፣ ማንበብ አልችልም እንጂ ደንቆሮ አይደለሁም። እኔ "አንብቢልኝ" ብዬ ዝም ካልኩ በኋላ ደልሲ አነበበችልኝ፤ ከዚያ ስሜን ልጻፍ ብላ ብዕሩን አነሳች። ስሜ አጭር ነው። ብዕሩ ግን ወረቀቱ ላይ ሲጭር ቆየ፤ ሲጭር ቆየ። አንዴ አገላብጣ ከኋላም ጻፈች። እኔ ባሕሩን እያየሁ ነበር። ደልሲ ምን እየጻፍሽ ነው ልላት እችል ነበር። አላልኳትም። ፖስታውን ራሴ አሽጌ ለመኪናው ሰው የሰጠሁት እኔ ነኝ። አትምጪ ያልኩሽ በአፌ ነው። ነይ ማለት አቅቶኝ ነው። እናትሽ ብትሆን ኖሮ የምለውን ትታ ያልቻልኩትን ትጽፍልኝ ነበር፤ ደልሲም ያደረገችው ይህንኑ ነው።

ሦስተኛው የላክሽው ጥቅል ነው። ለልብስ ስፌት ትምህርት ሲድኒ ሄደሽ ሳለ ከእኔ የደረሱሽን ደብዳቤዎች ሁሉ አስቀምጠሽ ኖሯል፤ አላውቅም ነበር። "የትኛው ያንተ ነው የትኛው የእሷ ነው፣ ንገረኝ" ብለሻል። ዛሬ ጠዋት ክላይቭ አንዱን አነበበልኝ። ሌላ እንዳያነብ ከለከልኩት።

እንዲህ ይላል። "ትናንት ከሥራ ተመልሼ ክፍልሽ በር ላይ ቆምኩ። አልጋሽ ተነጥፏል። ወንበርሽ ላይ የተውሽው ሹራብ አለ፤ ማንም እንዳይነካው ብያለሁ። ለምን እንደቆምኩ አላውቅም። ብዙ ቆየሁ።"

ይህን አላስጻፍኩም። አንድም ቃል አላስጻፍኩም። ያን ቀን እናትሽ ምን ልጻፍላት ስትለኝ "ሱፉ ዘንድሮ ረጅም ነው በያት" ነው ያልኳት። ግን ቆሜአለሁ ግሌኒስ። በሩ ላይ ቆሜአለሁ። ሹራቡ አረንጓዴ ነበር። ማንም አላየኝም ብዬ ነበር። ለሠላሳ ሁለት ዓመት ማንም አላየኝም ብዬ ኖርኩ፤ ለካ ከማድ ቤት ሆና አይታኛለች፤ አይታም ጻፈችልሽ።

ስለዚህ የትኛው የእኔ ነው ላልሽው መልሱ ይህ ነው። ያልኩት በግና ጎማ ነው። ያላልኩት ደግሞ ሁሉም እውነት ነው። ሁለቱንም የእኔ ናቸው ብለሽ ያዣቸው።

ከግርጌው ያለውንም ድሮ ጠይቀሽኝ ዝም ብዬሻለሁ። ያን ጊዜ የምትጽፈው ሴት ፊቴ ተቀምጣ ነበርና አፈርኩ። "የምወድሽ አባትሽ" የሚለውን በየደብዳቤው ያስገባችው እሷ ናት፤ እኔ አንድ ቀን እንኳ ጻፊው ብያት አላውቅም። አንድ ቀንም አውጪው ብያት አላውቅም። ምን እንደምትጽፍ አልጠየቅኳትም። አሁን የሚጽፍልኝ ክላይቭ ነው፤ እሱ ካልነገርኩት አይጽፍም፤ ፖስተኛ ነው፣ ያልተሰጠውን አያደርስም። ስለዚህ ነገርኩት። ምን ልበል አለኝ፤ ያንኑ በል አልኩት። በጆሮው ነው የነገርኩት፤ ሚስቱ አጠገባችን ድንች ትልጣለች።

ለገና እመጣለሁ። የሎሚውን ዛፍ አታስቆርጪው፣ ዲገር እዚያ ነው።

ክላይቭ፣ አሁን አንብብልኝ። ላዩን ተወው፣ አውቀዋለሁ። ግርጌውን አንብብ። መጻፍህን ልስማ።

የምወድሽ አባትሽ፣
መርቪን